ዴብ ወይስ አፕኢሜጅ? ለትምህርት ቤት ላብ የቱ ይሻላል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም የኮምፒውተር ላብ ለምትይዙ፣ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ስርዓት) ላይ ፕሮግራም ለመጫን ካሉት መንገዶች ሁለቱን፣ ዴብንና አፕኢሜጅን፣ እናወዳድር።

አፕኢሜጅ ቀላሉ ነው። ፕሮግራሙ አብዛኞቹን ላይብረሪዎች (ለመሥራት የሚጠቀምባቸውን የኮድ ክፍሎች) ይዞ በአንድ ፋይል ይመጣል። በፍላሽ ገልብጦ፣ የማስነሻ ፈቃድ ሰጥቶ መክፈት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ግን ብዙዎቹ ሊብፊዩዝ2 የተባለው ላይብረሪ ካልተጫነ አይነሱም።

የዴብ ፓኬጅ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ይዘረዝራል፤ አፕት የተባለው የኡቡንቱ መጫኛ ዝርዝሩን አይቶ ያወርዳቸዋል። ፋይሉን ብቻ አምጥታችሁ በዲፒኬጂ (የሰጡትን ፋይል ብቻ በሚጭነው መሣሪያ) ስትጭኑት ግን "ይሄ ጎድሏል" ብሎ መሃል ላይ ይቆማል። ያበሳጫል።

እኔ ግን ለላብ ዴብን ነው የምመርጠው። ምክንያቴ ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሀርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኔትወርክ ግንኙነት ማመስጠሪያ ላይብረሪ) የደኅንነት ቀዳዳ ሲገለጥ፣ የጋራውን ላይብረሪ አድሶ አገልግሎቶቹን ዳግም ማስነሳት በእሱ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ ከቀዳዳው ያወጣ ነበር። ላይብረሪውን በውስጡ የያዘ ፋይል ግን አዘጋጁ አዲስ እትም እስኪያወጣ መጠበቅ አለበት።

የኢንተርኔቱን ነገር አፕት-ካቸር-ኤንጂ የተባለው ፕሮግራም ያቃልለዋል። አንድ ማሽን ላይ ጫኑት፤ አንዴ የወረደውን ፓኬጅ አስቀምጦ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከዚያው ይሰጣል። መስመሩ ሲቀል አንዱን አድሱ፣ የቀሩት ከላቡ ኔትወርክ ይወስዳሉ።