የካሊፎርኒያው ነጻ የቻይልድ ሰፖርት ካልኩሌተር፦ ሒሳቡ አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው የሚሞላው ሰው ነው

በካሊፎርኒያ የልጅ ቀለብ (ቻይልድ ሰፖርት) የሚቆረጠው በቀመር ነው። ዳኛው ከቀመሩ ለመውጣት ቢፈልግ እንኳ ምክንያቱን መዝገብ ላይ የማስፈር ግዴታ አለበት። ስለዚህ ችሎት ከመቅረቡ በፊት ቁጥሩን ቤት ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው የግዛቱ የቻይልድ ሰፖርት መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ያስቀመጠው የጋይድላይን ካልኩሌተር ነው። ክፍያ የለውም። ሁለቱም ወላጆች ደመወዝተኛ ከሆኑ ሌላ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ኡበር ለሚነዳ፣ ሱቅ ወይም የኪራይ ቤት ላለው ግን ካልኩሌተሩ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ከታክስ በፊት ያለውን የወር ገቢ ነው። ከዚያ ላይ የፌዴራልና የግዛት ታክስ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የግዴታ ጡረታና የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ቀንሶ የእያንዳንዱን ወላጅ የተጣራ ገቢ ያወጣል። ቀመሩ የሚሠራው በዚህ በተጣራው ላይ ነው።

አንድ ሒሳብ በእጅ እንሥራ። የአባት የተጣራ ገቢ 4,800 ዶላር፣ የእናት 3,200፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው እንበል፤ ከአባታቸው ጋር የሚሆኑት 20 በመቶውን ጊዜ ነው። የሁለቱ ገቢ ድምር 8,000 ነው፤ የዚህ 20 በመቶ 1,600 ከአባት ገቢ ሲነሳ 3,200 ይቀራል። ድምሩ ከ5,001 እስከ 10,000 ባለው እርከን ውስጥ ስላለ የሕጉ ማባዣ 0.25 ነው፤ እሱ በ1.20 (በ1 ላይ የአባት የጊዜ ድርሻ 20 በመቶ ተደምሮ) ተባዝቶ 0.30 ይሆናል። 3,200 በ0.30 ሲባዛ 960 ይመጣል። ይህ የአንድ ልጅ ነው። ለሁለት ልጅ በ1.6 ይባዛል፤ 1,536 ዶላር በወር።

ይህችን ምሳሌ ያዟት፤ የማንኛውንም ካልኩሌተር ጤንነት ትፈትናለች። ማባዣዎቹ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተቀይረዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ አንዳንድ የግል ካልኩሌተሮች ግን በአሮጌው ሕግ እንደቀሩ ናቸው። ሁለቱን ገቢዎች ታክስ የማይነካው ገቢ በሚለው ቦታ አስገቡና ሞክሩ። 1,536 ወይም እሱን የሚጠጋ ከሰጠ ደህና ነው። 1,382 ካለ በድሮው ሕግ እያሰላ ነውና ዝጉት።

ስህተት በብዛት የሚገባው በደመወዝ፣ በጊዜ ድርሻና በታክስ ሁኔታ በኩል ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው ቼኩን በሁለት አባዝቶ የወር ገቢ ይላል። ዓመቱ ግን 26 ቼክ አለው። ቼኩ ከታክስ በፊት 2,400 ከሆነ የወሩ ገቢ 4,800 ሳይሆን 5,200 ነው፤ በ26 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው። በየሳምንቱ የሚከፈለው በ52 ያባዛል። ካልኩሌተሩ የሰጡትን ተቀብሎ ያሰላል እንጂ አይጠራጠርም፤ በሌላው ወገን በኩል ያለው ጠበቃ ግን ይጠራጠራል።

ሁለተኛው የጊዜ ድርሻ ነው፤ ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እወስዳቸዋለሁ» የሚል አባት ብዙ ጊዜ ከልቡ 30 በመቶ ይመስለዋል። ከዓርብ 12 ሰዓት ማታ እስከ እሁድ 12 ሰዓት ማታ 48 ሰዓት ነው። በ26 ሲባዛ 1,248፣ በዓመቱ 8,760 ሰዓት ሲካፈል 14 በመቶ ብቻ ይሆናል። ክረምቱን አራት ሳምንት ከጨመረ፣ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የሚደረቡት ሁለት የሳምንት መጨረሻዎች ሁለቴ እንዳይቆጠሩ ተቀንሰው፣ 1,824 ሰዓት ወይም 21 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በላይኛው ምሳሌ ላይ 14 በመቶ 1,678 ዶላር ያስከፍላል፣ 20 በመቶ 1,536፣ 30 በመቶ 1,248። ስለዚህ በግምት መጻፍ አያዋጣም። የቀን መቁጠሪያ አውጥቶ በሰዓት መደመር ነው። የትምህርት ቤት ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ልጁ ቢታመም ሄዶ የማምጣት ኃላፊነት ላለበት ወላጅ ነው።

የታክስ ሁኔታ ሦስተኛው ነው። ለአንድ ልጅ ሁለቱም ወላጆች «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ልጅ ይዞ ቤት የሚያስተዳድር ላላገባ ሰው የሚሆነው የታክስ ምድብ) ብለው ይሞላሉ፤ ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ የሚኖረው ግን ከአንዳቸው ጋር ነው። ሰው የሚደነግጥበት ሌላው ነገር ፕሮግራሙ የአዲሱን የትዳር ጓደኛ ገቢ መጠየቁ ነው። ሕጉ ከልዩ ሁኔታ በቀር ያንን ገቢ ለቀለብ አይቆጥርም። የሚጠየቀው ጥንዶቹ ታክስ አብረው ስለሚያስገቡ የታክሱን መጠን ለማወቅ ነው። ባዶ ከተተወ ታክሱ ይዛባል፣ የተጣራውም አብሮ።

አሁን ወደ እኛ ሰው ጉዳይ። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ዕዳ፣ ክሬዲት ካርድ፣ እቁብ፣ በፈቃድ የሚቆረጥ የ401ኬ የጡረታ ቁጠባ፣ አገር ቤት ለእናት ለአባት የሚላክ ገንዘብ፣ አንዳቸውም ከገቢ አይቀነሱም። አገር ቤት ከአያቱ ጋር የሚያድግ የራስ ልጅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ባይኖርም፣ ሌላ ቤት ለሚኖር ልጅ በእርግጥ እየተከፈለ ያለ ቀለብ ከቀመሩ መጠን እስካላለፈ ድረስ እንዲቀነስ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህ መብት ሳይጠየቅ የሚቀረው ማስረጃ ስለማይያዝ ነው። ገንዘቡ በሰው እጅ ከተላከ ማረጋገጥ ይከብዳል። በባንክ ወይም በሐዋላ ድርጅት፣ በየወሩ፣ በአሳዳጊው ስም የተላከበት ደረሰኝ ከልጁ የልደት ወረቀት ጋር ሲቀርብ ዳኛው የሚያየው ነገር ያገኛል። ካልኩሌተሩ ላይ የሚገባው ለሌላ ልጅ የሚከፈል ቀለብ በሚለው ቦታ ነው፤ አብሮ የሚኖር የሌላ ትዳር ልጅ ግን በሃርድሺፕ (በልዩ ችግር ቅናሽ) በኩል የሚታይ ስለሆነ አይቀላቀል።

ለኡበርና ለሊፍት ሹፌር፦ ኩባንያው ለታክስ በሚልከው የክፍያ መግለጫ፣ 1099-ኬ፣ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር እጅ የገባ ገንዘብ አይደለም፤ ኩባንያው የወሰደው ኮሚሽንም አለበት። የሚሞላው ከጠቅላላው ገቢ ላይ ለሥራው የግድ የወጣው ተቀንሶ የቀረው ነው፤ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የኩባንያው ድርሻ። ታክስ ሲሞላ የሚወሰደው የማይል ቅናሽ ውስጥ የመኪናው እርጅና ስላለበት፣ ያንኑ ቁጥር ገልብጦ ለቀለብ ማቅረብ ተቃውሞ ይጠራል። በ2007 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት የኪራይ ቤት የእርጅና ቅናሽ ለቀለብ ሲባል ከገቢ እንደማይቀነስ ወስኗል፤ ዳኞች የሚያተኩሩት ከኪስ በወጣው ላይ ነው። የአሥራ ሁለት ወር ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ደምሮ ለ12 አካፍሎ መምጣት፣ ጥሩ የሆነውን ወር ደብቆ ደካማውን ከማሳየት ይሻላል፤ የባንክ ስቴትመንቱ መጠየቁ አይቀርም።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ከፋይ ፕሮግራሙ ቅናሽ ያሰላል። መስፈሪያው በሙሉ ሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። በ2026 ሰዓቱ 16.90 ዶላር ስለሆነ በወር 2,929 ዶላር ይመጣል። የተጣራው ከዚህ ካነሰ ውጤቱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ የሚል ክልል ይሆናል። ዳኛው የሚመርጠው በመሐሉ ነው፤ ትንሹን ቁጥር እንደ ተወሰነ መቁጠር አይገባም።

ስለ ዴይኬር ክፍያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት አለ። ከ2024ቱ ለውጥ ወዲህ እንዲህ ያለው ተጨማሪ ወጪ የሚከፈለው በግማሽ በግማሽ መሆኑ ቀርቶ በተጣራ ገቢ መጠን ነው። በምሳሌያችን አባት የድምሩን 60 በመቶ ስለሚያገኝ ከ1,000 ዶላር ዴይኬር 600 ይከፍላል ማለት ነው? አይደለም። መጀመሪያ የሚከፍለው ቀለብ ከገቢው ይነሳለታል፣ እናት ላይ ግን አይደመርም። 3,264 ለ3,200 ሆኖ ድርሻው 50.5 በመቶ፣ ማለትም 505 ዶላር ይሆናል። ካልኩሌተሩ ይህን በትክክል ያደርገዋል፤ በእጅ የሚያሰሉት ናቸው የሚስቱት።

ውጤቱ ላይ የየልጁ ድርሻ ለየብቻ መቀመጡም ጠቃሚ ነው። ከ1,536ቱ ለታናሹ 960፣ ለታላቁ 576 ነው። ታላቁ 18 ዓመት ሲሞላው (ሃይስኩል ካልጨረሰ እስከ 19) የሚቀረው ግማሹ 768 ሳይሆን 960 ነው። ይህን ሳያውቁ በራሳቸው ግማሹን መክፈል የሚጀምሩ ውዝፍ ይጠራቀምባቸዋል።

የሚከፈልባቸው እንደ ዲሶማስተርና ኤክስስፓውስ ያሉት ፕሮግራሞች የጠበቆች መሣሪያ ናቸው። ብልጫቸው የባለትዳር ቀለብን አብሮ ማስላትና ቦነስ በመጣ ቁጥር ምን ያህሉ እንደሚከፈል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። ገቢው በየወሩ የሚዋዥቅ ወይም አክሲዮን የሚሰጠው ሰው ጠበቃው ያንን ወረቀት እንዲያወጣለት ይጠይቅ። ለሌላው ነጻው ይበቃል። የጎደለው አማርኛና ማብራሪያ ነው፤ ሳጥኖቹ የታክስ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ዝም ብለው የተደረደሩ ናቸው። በየካውንቲው ፍርድ ቤት ያለው የፋሚሊ ሎው ፋሲሊቴተር (ጠበቃ የሌላቸውን የሚረዳ የቤተሰብ ሕግ ባለሙያ) በነጻ አብሮ ይሞላል፤ ኤፍኤል-150 የተባለውን የገቢ መግለጫና የሁለት ወር የደመወዝ ወረቀት ይዞ መሄድ ነው።

ሥራ ለለቀቀ ወይም ሰዓቱ ለተቆረጠበት፦ ካልኩሌተሩ ዛሬ ያነሰ ቁጥር ስላሳየ የቆየው ትእዛዝ አይቀንስም። ቅናሹ ወደ ኋላ ሊሄድ የሚችለው ማመልከቻው እስከገባበት ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ በመሐል ያለፈው ወር በሙሉ በድሮው መጠን ይታሰባል። ወረቀቱ መግባት ያለበት ሥራው በቆመበት ሳምንት ነው።