09 ወይስ 07? መጀመሪያ የምትውሉበትን ቦታ ንገሩኝ

«ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ቦታ ካልተጨመረበት መልስ የለውም (በ09 የሚጀምረው ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ነው)። ቦሌ የሚውል የቢሮ ሠራተኛና አዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሾፌር አንድ ዓይነት ምክር አይበጃቸውም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ዘመን ብቻውን ስለሠራ ማማው ራቅ ያለ ወረዳ ድረስ ዘልቋል። ሳፋሪኮም ደግሞ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ ጀምሮ፣ ሐረርና ሐረማያን አስከትሎ፣ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ እስካሁን ጉልበቱ ያለው ከተሞች ላይ ነው።

ገጠር ለምትኖሩ ወይም ቤተሰባችሁ ገጠር ላለ ብዙ አላስቸግራችሁም፤ 09 ያዙ። ግን አንድ ነገር አጣሩ። እዚያ ያለ ዘመድ «ኔትወርክ አለ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ መደወል ይቻላል ማለቱ ነው። ቦታው ላይ ያለው 2ጂ ብቻ ከሆነ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ግን ሲሽከረከር ይውላል። «ቪዲዮ ይከፍታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእናታችሁ ባለ ቁልፍ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ይሄ አያሳስባችሁም፤ ስማርት ስልክ ከውጭ ለምትልኩ ግን ዋናው ጥያቄ ነው።

ከተማ ውስጥ ፉክክሩ እውነተኛ ነው። ሳፋሪኮም ሲጀምር 4ጂን ይዞ ስለገባ ሽፋኑ ባለበት ሰፈር ለኢንተርኔት ደህና አማራጭ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ ከግንቦት 2014 ጀምሮ 5ጂን አዲስ አበባ ላይ አስገብቶ ወደ ሌሎች ከተሞችም አስፋፍቷል፤ ስልካችሁ 5ጂ የማይቀበል ከሆነ ግን ማስታወቂያው እናንተን አይመለከትም። እዚህ ላይ ማየት ያለባችሁ የምልክቱን ዘንግ ብዛት ሳይሆን የምሽቱን ፍጥነት ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ ሲጣድ፣ ዘንጉ ሙሉ ሆኖም ገጽ አልከፍት ሊል ይችላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሞክሮ የገዛ ሰው ምንም አልሞከረም።

«ይህን ያህል በመቶ ሽፋን» የሚለው ቁጥርም አያታልላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕዝብ እንጂ መሬት አይደለም። ሰው የሰፈረበት ከተማ ሲሸፈን መቶኛው ይወጣል፣ በሁለት ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ግን ባዶውን ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ አገራችን ተራራና ገደል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ደጀን እስክትወጡ ድረስ፣ ገደሉ ምልክቱን የሚጋርድባቸው ኩርባዎች ያጋጥሟችኋል። የመንገድ ሰው ከሆናችሁ ከየትኛውም ካርታ በላይ በመስመሩ የሚሠሩ የአውቶቡስ ረዳቶችን እመኑ።

ገንዘብ ሳታወጡ የምትሞክሩበት መንገድም አለ። ስልካችሁ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የሞባይል ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና ኔትወርክ በራሱ እንዲመርጥ የተደረገውን አጥፉት። ስልኩ ትንሽ ከፈላለገ በኋላ በአካባቢው ያገኛቸውን ኩባንያዎች ይዘረዝራል፤ ያስገባችሁት ሲም 09 ቢሆንም የሌላው ስም ይወጣል። ካልወጣ እዚያ ቦታ ላይ የለም ወይም ምልክቱ በጣም ደካማ ነው። ይህንን ከቤት ውጭ ብቻ አታድርጉት፤ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ድገሙት። የቆርቆሮ ጣሪያና የኮንዶሚኒየም ወፍራም ግድግዳ ደጅ ላይ ጥሩ የነበረውን ምልክት ያዳክማሉ። ሲጨርሱ ምርጫውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው፤ አለበለዚያ ነገ ሌላ ከተማ ገብታችሁ «ኔትወርክ ጠፋ» እያላችሁ ትጨነቃላችሁ። ማማ አይታችሁም አትወስኑ፣ በላዩ ላይ የማን መሣሪያ እንደተሰቀለ ከታች ሆኖ አይለይም።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም፣ ጥቅሎች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ። የኢትዮ ቴሌኮምን በ*999#፣ የሳፋሪኮምን በ*777# ማየት ትችላላችሁ። ስትገዙ ግን ደቂቃው ወደ ሌላው ኩባንያ ቁጥር ይሠራ እንደሆነ አንብቡ። ቤተሰቡ በሙሉ 09 የሆነ ሰው ከ07 ወደ 07 ብቻ በሚሠራ ጥቅል ለማን ይደውላል?

የገንዘብ ዝውውሩም ይታሰብበት። ቴሌብር የኢትዮ ቴሌኮም፣ ኤም ፔሳ የሳፋሪኮም ነው። ቴሌብር በ2013፣ ኤም ፔሳ በ2015 መጨረሻ ነው የጀመሩት። የሰፈራችሁ ሱቅ፣ ማደያውና ባለ ታክሲው በየትኛው እንደሚቀበሉ ጠይቁ።

የኔ ፍርድ፦ አንድ ሲም ብቻ የሚቀበል ስልክ ካላችሁና ከከተማ የምትወጡ ከሆነ 09። ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ የማይወጣ ተማሪ፣ ክፍሉ ውስጥ ሞክሮ ከሠራለት፣ 07 ብቻውን ሊበቃው ይችላል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ያላችሁ ከተሜዎች ሁለቱንም ያዙ፤ ጥሪውን በ09፣ ኢንተርኔቱን ምሽት ላይ ፈጥኖ ባገኛችሁት አድርጉት። የባንክ መልእክት የሚገባበትን ቁጥር ግን ካርድ ሳትሞሉና ሳትደውሉበት ለወራት አትተዉት፤ ሥራ ፈት የሆነ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።