አልፋ ሮሜዮ ኤስ ዜድ፦ «ጭራቁን» ከመግዛት በፊት

በ1989 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበው አልፋ ሮሜዮ ኤስ ዜድ ጣሊያን ውስጥ «ኢል ሞስትሮ»፣ ማለትም ጭራቁ፣ የሚል ቅጽል ወጣለት። ከፊት በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ትንንሽ አራት ማዕዘን መብራቶች አሉት፤ ጎኑ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ኋላው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አስቀያሚ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ፎቶ የበደለው መኪና ነው እንላለን፤ አጠገቡ ሲቆሙ አንዱም መስመር ያለ ምክንያት እንዳልተሰመረ ይታያል። ስሙ ላይ ያለው «ዜድ» የጣሊያኑ የመኪና አካል ሠሪ የዛጋቶ ነው። ይሁንና ዛጋቶ ሚላን አጠገብ ገጣጠመው እንጂ አልነደፈውም፤ መነሻ ንድፉ ሲትሮየን ኤስ ኤም የተባለውን የፈረንሳይ መኪና የነደፈው የሮበር ኦፕሮን ነው። የተሠሩት ከ1,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከአንዱ ጥቁር በቀር ሁሉም ቀይ ናቸው።

ገዢ አስቀድሞ ማየት ያለበት አካሉን ነው። ከጣሪያው በስተቀር አብዛኛው ላሜራ ሳይሆን ብረት አጽም ላይ በማጣበቂያ የተያያዘ፣ ከሬዚንና ከፋይበር ግላስ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ሲመታ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል፤ በመዶሻ የሚቃና ነገር የለም። መጋጠሚያዎቹ እኩል ካልሆኑ ወይም ቀለሙ የጸጉር ያህል ከተሰነጠቀ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላልና ከሥር አስነስተው አጽሙ መዛጉን ይዩ። የጎደለ ፓነል ያለውን መኪና ርካሽ ነው ብለው አይግዙ፤ ምትኩን ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ሥሩ የአልፋ 75 (የዚያው ኩባንያ የቤት መኪና) ስለሆነ የሜካኒካል ክፍሎቹ መለዋወጫ ይቀላል። ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተሩ 210 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ድምፁ ብቻውን ያስገዛል። ደካማ ጎኑ የቫልቮቹን አከፋፈት የሚመራውን ቺንጋ የሚወጥረው በዘይት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዘይት ያፈሳል፤ ቺንጋው ከላላና ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። በሜካኒካል መወጠሪያ መቀየሩን ይጠይቁ።

ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ከኋላ ናቸው። ክብደቱ ለፊትና ለኋላ በሚገባ የተከፋፈለው፣ ኩርባ ላይም መንገዱን የሚጨብጠው በዚህ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ የማስተላለፊያ ዘንጉ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ ስለሚዞር ዘንጉ ላይ ያሉት ሦስት የላስቲክ መጋጠሚያዎች ይሰነጠቃሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሣ ወለሉ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ እነሱን ይፈትሹ። ሁለተኛ ማርሽ በብርዱ የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ እስኪሞቅ አያስገድዱት።

መኪናውን በአዝራር ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርገው የኮኒ (የአሞርታይዘር አምራች) ሲስተም መሥራቱን ከፍ ብሎም ወርዶም ያረጋግጡ። የኋላ ፍሬን ዲስኮቹ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ስለሆኑ ሸራ ለመቀየር ብቻ ብዙ የእጅ ዋጋ ይጠየቃል።