ነጥቡን አይታችሁ አትግዙ፤ ቀኑን እዩ

ጠንካራ ክራፍት ቢራ (ትናንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን) ለምትወዱ ሁሉ። «ብርቅ ነው፣ የትም አይገኝም፣ ነጥቡ ከ5 4.5 ነው» እያለ ጠርሙስ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። የሚጠየቅበት ዋጋ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። የሚደርሳችሁ ግን ብዙ ጊዜ የሞተ ቢራ ነው።

ተንኮሉ ረቂቅ ነው። ቢራው የውሸት አይደለም። ነጥቡም የውሸት አይደለም። ስልኩን አውጥቶ ጠጪዎች በመተግበሪያ ላይ የሰጡትን ነጥብ ያሳያችኋል፣ እናንተም አይታችሁ ታምናላችሁ። ጉዱ ያለው ነጥቡ የሌላ ጠርሙስ መሆኑ ላይ ነው። ያን ነጥብ የሰጡት ሰዎች አብዛኞቹ ቢራውን ትኩሱን፣ በቅዝቃዜ የተቀመጠውን ጠጥተውታል። ለእናንተ የመጣው ግን የት መጋዘን፣ በምን ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደከረመ የሚናገር የለም። ስሙ ያው ነው፤ ውስጡ ሌላ።

እኔን የገጠመኝ እንዲህ ነው። የተሸጠልኝ ድርብ አይፒኤ ነበር፣ ሆፕስ የሚባለው ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ በብዛት የሚገባበት ጠንካራ ቢራ፤ ሌብሉ ላይ አልኮሉ 9 በመቶ ይላል። ቀኑ የሚታተምበት የጠርሙሱ ትከሻ ላይ የተፋቀ ምልክት ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ቢራ ገና ሲከፈት የብርቱካን ልጣጭና የማንጎ ሽታ ሊመታችሁ ይገባል። የመታኝ የረጠበ ካርቶን ሽታ ነው። ቀለሙ ወርቃማ መሆን ሲገባው ጠቁሯል። ምሬቱ ሸሽቶ የቀረው አፍ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭነት ብቻ። ሻጩን ስጠይቀው መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ጠንካራ ቢራ እንደ ወይን ነው፣ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።» ገንዘቤንም አልመለሰም።

ይህቺን አባባል በደንብ እንያት። ግማሿ እውነት ስለሆነች ብዙ ሰው ትሸውዳለች። ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ፣ ባርሊዋይንና የቤልጅየሙ ኳድሩፐል የሚባሉት ጠንካራ የቢራ ዓይነቶች፣ እነዚህ መቆየት ይችላሉ። አልኮላቸው ከፍ ያለ ነው፣ ጣዕማቸው የቆመው በብቅሉ ላይ ነው። በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከተቀመጡ የአልኮሉ ቃጠሎ ይለዝባል፣ የዘቢብና የካራሜል ጣዕም ይመጣል። ድርብ አይፒኤ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሱን እሱ የሚያደርገው ሆፕሱ ነው፤ የሆፕስ መዓዛ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። በማቀዝቀዣ ተቀምጦም ቢሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል። አልኮሉ 9 ሆነ 10፣ ከዚህ አያድነውም። ስለዚህ «ጠንካራ ነው፣ አይበላሽም» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ይሁን።

መቆየት የሚችለውም ቢሆን አቀማመጡ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ቢራን የሚያስረጁት ኦክስጅንና ሙቀት ናቸው። ጠርሙሱ ሲታሸግ ትንሽ ኦክስጅን ውስጡ ይቀራል፤ በቆርኪው በኩልም በጣም በዝግታ ይገባል። ሙቀት ሲጨመርበት ሥራው ይፋጠናል። በመኪና ዕቃ መጫኛ የተንገላታና በሞቀ ክፍል የከረመ ጠርሙስ በአጭር ጊዜ ውስጥ የዓመታት እርጅና ሊያስቆጥር ይችላል። ብርሃንም ሌላው ጠላት ነው። የፀሐይ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብርና ሰልፈር ያለበት መጥፎ ሽታ ይፈጥራል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። ቡናማ ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል፣ ጣሳ ጨርሶ ብርሃን አያስገባም። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን እዚህ ግባ የሚባል መከላከያ አይሆኑም። በመብራት ያሸበረቀ መደርደሪያ ላይ ለዓይን ማረፊያ የተቀመጠ ነጭ ጠርሙስ ካያችሁ እለፉት።

ቀኑ ላይ ደግሞ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንዱ ጠማቂ የታሸገበትን ቀን ይጽፋል። ሌላው የሚጽፈው «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠጣ ይመረጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የጠርሙሱን ዕድሜ አይነግራችሁም። ጠማቂው ለጠንካራ ቢራው ዓመታት የሚሻገር ጊዜ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ገና ጊዜው አላለፈም» ሲል አልዋሸም፣ ግን ምንም አልነገራችሁም። ቀኑን ትከሻው ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ በሌብሉ ጠርዝ፣ ጣሳ ከሆነ ሥሩ ላይ ፈልጉት። ከተፋቀ ወይም ዋጋ በተለጠፈበት ወረቀት ከተሸፈነ ነገሩ አለቀ። በሰም የተነከረ አንገትም አያማልላችሁ፤ ጌጥ ነው።

ወደ ነጥቡ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረው አንታፕድ በሚባለው የቢራ ነጥብ መስጫ መተግበሪያ ላይ ማንም ሰው ከ5 ነጥብ ይሰጣል። መጥፎ ነገር አይደለም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ዝርዝሮቹን አናት አናቱን ተመልከቱ፤ በበርሜል የቆየ ኢምፔሪያል ስታውት በኢምፔሪያል ስታውት ላይ ነው። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ እንከን የለሽ ላገር (ቀለል ያለው የተለመደ ቢራ) እዚያ አይደርስም። ጠንካራና ብርቅ ቢራ ነጥቡ ወደ ላይ የመሳብ ልማድ አለው። የሚቀምሰውም አድኖ ያገኘው ሰው ነው፤ ያን ያህል ደክሞ 3 ሊሰጥ አይፈልግም። የሠለጠኑ ዳኞች አሠራር ሌላ ነው። ቢጄሲፒ የሚባለው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ድርጅት የዳኝነት ቅጽ ከ50 ነው፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ የአፍ ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። ብርቅነት የሚባል መስመር የለውም። የአልኮል ብዛትም ለብቻው ነጥብ አያስገኝም።

ስለ ብርቅነት ከተነሳ ዌስትፍሌተረን 12ን ማንሳት ግድ ነው። በቤልጅየም የሲንት ሲክስቱስ ገዳም መነኮሳት የሚጠምቁት፣ አልኮሉ 10.2 በመቶ የሆነ ቢራ ነው። መነኮሳቱ ሲሸጡ ለሌላ እንዳይሸጥ ብለው ነው የሚሸጡት። ቢሆንም በየቦታው በውድ ይቸበቸባል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የኔዘርላንድ ሱፐርማርኬት ያለ ፈቃዳቸው ሲሸጠው በይፋ ተቃውመዋል። ቢራው ግሩም ነው፣ ክርክር የለኝም። ከገዳሙ ደጅ እስከ እናንተ እጅ ስንት እጅ እንደዞረ ግን መነኮሳቱም አያውቁም።

አሁን ቅምሻ። ሻጩ «ቅመስና ወስን» ካለ ጥሩ ነው፣ ግን በበረዶ የቀዘቀዘ ከሆነ ጠርጥሩ። ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል፣ ጉድለትን ይደብቃል። ጠንካራ ቢራ ራሱን የሚገልጠው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብርጭቆውን በመዳፋችሁ ያዙትና ጠብቁ። ሻጩ ከተቁነጠነጠ ይቁነጥነጥ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ቢሆን ሽታውን ይሰበስብላችኋል። መጀመሪያ አሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ከሸተታችሁ አርጅቷል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተታችሁ ሲጠመቅ ጀምሮ ችግር አለበት፤ ብዙ ጊዜ እርሾው በጣም ሞቆ ሲሠራ የሚመጣ ነው። ቅቤ ቅቤ ካለም እንዲሁ እርሾው ሥራውን አልጨረሰም። ጎምዛዛ ተብሎ ያልተሠራ ቢራ ኮምጣጤ ከሸተተ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ገና ሲከፈት አረፋው እየገነፈለ ከወጣም ተጠራጠሩ። ሥሩ ላይ የሚታይ ዝቃጭ ብቻውን ግን አያስፈራ፤ ጠርሙስ ውስጥ እንዲብላላ የተደረገ ቢራ እርሾ ይኖረዋል።

ጉሮሮ የሚያቃጥል ቢራ «ኃይለኛ ነው» ተብሎ ከፍ ያለ ነጥብ ሲሰጠው ይገርመኛል። ቃጠሎ ጉድለት ነው። በደንብ የተሠራ 11 በመቶ ቢራ አልኮሉን ደብቆ ደረት ላይ ሙቀት ብቻ ይተዋል። መደበቁ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 12 በመቶ ቢራ ወደ 31 ግራም ንጹህ አልኮል ይይዛል፤ በዚያው መጠን ያለ 5 በመቶ ቢራ 13 ገደማ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቢራ ካስቀመሳችሁ በኋላ ዋናውን «ውዱን» ካወጣ፣ ያን ጊዜ የምትፈርዱት እናንተ አይደላችሁም። ሞቅ ባለው ሰው ፊት ሁሉም ቢራ 4 ነው። ውዱን መጀመሪያ ይክፈት በሉት፣ በትንሹ፣ በመሃል ውኃ እየጠጣችሁ። መኪና የያዘ ሰው ጨርሶ አይቅመስ።

የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የጠርሙሱን ቀን፣ ቆርኪውንና ቢራው ጠርሙሱ ውስጥ እስከ የት እንደሞላ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። የዛገ ቆርኪ ወይም ጎደል ያለ ጠርሙስ መልስ ነው። የት እንደተቀመጠ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የተበላሸ ቢወጣ ገንዘብ ይመልስ እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ። እንዲህ ስትጠይቁ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ነጥብ ስትሰጡም የታሸገበትን ቀንና ቢራውን ያገኛችሁበትን ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ፤ ከጠማቂው በቀጥታ ነው ወይስ ከሁለተኛ እጅ? እኔ ለዚያ ድርብ አይፒኤ ነጥብ አልሰጠሁትም። ቀኑ እንደተፋቀ ብቻ ጽፌ ፎቶውን አያያዝኩ።