ስሪዲ የልብ ኢኮ ከ8 ወር በኋላ

ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) የሚያነሳውን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ፕሮብ፣ ደረት ላይ የምናደርገውን ማለቴ ነው፣ ይዤ መስራት ከጀመርኩ 8 ወር ሞላኝ። "ያዋጣል ወይ?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የታካሚው ልብ ነው የሚወስነው። ለግፊት ክትትል ለሚመጣ ሰው ቱዲው (የተለመደው ጠፍጣፋ ምስል) ይበቃል፣ አፈጣጠሩ ለየት ያለ ልብ ሲመጣ ግን ያለ ስሪዲ መስራት አልፈልግም።

አንዱን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ትንፋሽ እያጠራት መጣች፣ ቱዲው ላይ ማይትራል ቫልቯ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መሀል ያለው በር) ጠቧል፣ እኛ ሀገር ደግሞ ጠባብ ማይትራል ካየን መጀመሪያ የምናስበው ከቶንሲል የሚመጣውን ሩማቲክ የልብ ህመም ነው። ግን መልኩ አላማረኝም፣ ፕሮቡን ትንሽ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቀዳዳው አንዴ አንድ አንዴ ሁለት ይመስለኛል። በስሪዲ አንስቼ ሰርጀኑ ልብ ከፍቶ እንደሚያየው ከግራ ኤትሪየም (ከላይኛው የግራ የልብ ክፍል) በኩል አዙሬ ሳየው በቃ ሁለት ቀዳዳ ነው! አብሯት የተወለደ። መሀል ላይ የሚለያቸው ድልድይ አለ፣ ስለዚህ ለሩማቲክ እንደምናደርገው በባሉን (በሚነፋ ፊኛ) እንክፈተው ማለት ቀላል አይደለም። የሁለቱን ስፋት ለየብቻ ለክቼ ደመርኩት። ድሮ እንዲህ አይነቱን ለሰርጀን በወረቀት ስዬ ነበር የማስረዳው፣ አሁን ቪዲዮውን አሳየሁት፣ ራሱ እያዞረ አየው።

ችግሩን ደግሞ ስሙኝ። ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ዝቅ ካደረጋችሁ ቀጭን ግድግዳ ይጠፋና የሌለ ቀዳዳ ይታያችኋል፣ ስለዚህ በከለር ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳየው) ደም ሲያልፍ ሳላይ "ቀዳዳ አለ" ብዬ አልጽፍም፣ ይሄን አደራ እላለሁ። ጥሩ ጥራት ያለው ምስል የሚመጣው ከ4 እስከ 6 የልብ ምት ላይ በቁራጭ የተነሳው አንድ ላይ ተሰፍቶ ነው፣ ምቱ የተዛባበት ሰው ላይ ስፌቱ አይገጥምም፣ ምስሉ ደረጃ ደረጃ ይሰራል፣ በአንድ ምት ላንሳው ካላችሁ ደግሞ በሴኮንድ የሚነሳው የምስል ብዛት ይወርድና የቫልቩ ምስል ይንቀጠቀጣል። ለመልመድም እኔን ወደ 2 ወር ፈጅቶብኛል፣ ማንሳቱ ሳይሆን ምስሉን ቆርጦ ውስጡን ማየቱ ነው የሚከብደው።

ከሁሉም የሚያስቸግሩኝ ህፃናት ናቸው፣ ትንፋሽ ያዝ አይባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የፕሮቡ ራስም ለጎድን አጥንታቸው ሰፋ ይላል። አሁን እናትየው አጥብታ እስክታስተኛው እጠብቅና፣ እንደተኛ ስሪዲውን አስቀድሜ አነሳለሁ፣ ከነቃም ቱዲውን እያለቀሰም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።