የቤክሎሜታዞን ኢንሄለር፦ ለአንዱ እየሠራ ለሌላው ለምን እምቢ ይላል?

ይሄ ለአስም የሚሳብ መድኃኒት እኔን በጣም ረድቶኛል። የሌሊቱ ሳል ለቆኛል፣ ደረጃ ስወጣም ትንፋሽ አያጥረኝም። ግን ብዙ ሰው "ምንም አልሠራልኝም" ብሎ ሲተወው አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ሳይጣራ ነዋ የሚተወው።

መጀመሪያ፣ ይሄ እንደ ሳልቡታሞል ሲያፍን ወዲያው የሚከፍት አይደለም። ስቴሮይድ ስለሆነ የተቆጣውን የአየር ቧንቧ ቀስ እያለ ነው የሚያበርደው፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በየቀኑ ካልተወሰደ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው አሳሳቡ ነው። ተጭነው የሚረጩት ዓይነት ከሆነ በዝግታና በጥልቀት ይሳባል፣ ከዚያ ትንፋሽን እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ነው። የዱቄቱ ዓይነት ግን ተቃራኒ ነው፣ በፍጥነትና በኃይል ይሳባል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ማንም ካላስረዳ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለሚረጨው ስፔሰር (ኢንሄለሩና አፍ መሀል የሚገጠም ባዶ ቱቦ) ግዙ፣ በእውነት ልዩነት አለው። ከወሰዳችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ትፉ፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ፣ ድምፅም ሊጎረንን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ እምቢ የሚላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ላይ "በደንብ አልወሰድክም" እያሉ መጨቅጨቅ ግፍ ነው። አስም አንድ ዓይነት አይደለም። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የበዙበት አስም ለስቴሮይድ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች የበዙበት ግን ብዙ አይሰማም፣ ስለዚህ ዶዙን ከፍ ማድረግ ጎንዮሽ ጉዳቱን ከመጨመር በቀር ላይጠቅም ይችላል። ሲጋራም አለ። ስቴሮይድ ሴል ውስጥ ገብቶ ቁጣውን የሚቀሰቅሱትን ጂኖች የሚያጠፋው ኤችዳክ 2 በሚባል ፕሮቲን እየታገዘ ነው፣ ጭሱ ደግሞ ይሄንኑ ፕሮቲን ያዳክመዋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ምላሹን ይቀንሳል። አንዳንዴ ደግሞ በሽታው ጭራሽ አስም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ካልሠራላችሁ ዝም ብላችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም ዶዝ አትጨምሩ። ሐኪሙን የደም ኢዮሲኖፊል ይታይልኝ በሉት። ቁጥሩ ከፍ ብሎ አስሙ ከባድ ከሆነ እንደ ሜፖሊዙማብ ያሉ መርፌዎች አሉ። ይሄኛው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፣ የስቴሮይድ እንክብል በየጊዜው ከመዋጥ ያሳረፋቸው ሰዎች አሉ። እንክብሉ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት የያዝኩት ኢንሄለር ስንት ርጭት እንደቀረ የሚያሳይ ቆጣሪ ስለሌለው ነው። መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ የሚገፋው ጋዝ ስለሚተርፍ መርጨቱን ይቀጥላል፣ ሰውየው መድኃኒት እየወሰደ ይመስለዋል። ቆጣሪ ያለው ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ ካጣችሁ የጀመራችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉና፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የፓፍ (የርጭት) ብዛት በቀን ለምትወስዱት አካፍሉት፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።