ጥቁር ሆድ ወይስ ቡናማ ሆድ? ያገለገለ የስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ስልኬ ውስጥ ከቤተሰቤ ፎቶ ይልቅ የመኪና ሆድ ፎቶ ይበዛል። ጓደኞቼ ያገለገለ የስፖርት መኪና ሊገዙ ሲያስቡ ሥሩን ያነሱና «እስቲ እየው፣ ያዋጣል?» ብለው ይልኩልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። የአንዱ መኪና ሆድ ቡናማ ነው፤ እዚህም እዚያም ዝገት ይታያል። የሌላው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ዋጋውም ከፍ ይላል። የቱ ይሻላል?

ቡናማው። ለምን እንደሆነ ኪሴ ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 (ጣሪያው የሚታጠፍ ጨርቅ የሆነ ትንሽ የስፖርት መኪና) አማረጥኩ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ነበሩ። ጥቁሩ ከቡናማው በአንድ አሥረኛ ይወደዳል። «ለንጽሕናው ልክፈል» ብዬ ጥቁሩን ገዛሁ። ከወራት በኋላ ጎማ ልቀይር ክሪክ ደገንኩ። ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፣ መኪናው ግን አልተነሳም። ከበሩ ሥር ያለው ደፍ እየተንኮታኮተ ክሪኩን ዋጠው። ቅቡን ስንፍቀው ከሥሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ እንደ ቅርፊት የሚላላጥ ዝገት። ውስጡን ለቄስ!

ከዚያ በኋላ ወጪው መጣ። ላሜራው ራሱ ውድ አይደለም፤ ውዱ የባትላሜራው ሰዓት ነው። የውጪው ደፍ ሲቆረጥ የውስጠኛውም መበላቱ ታየ። እሱ ሲቆረጥ የኋላው ፓራፋንጎ ጫፍ አብሮ ሄደ። ብየዳው ካለቀ ቀለም አለ። እኔ ደግሞ ገንዘብ ላተርፍ ብዬ ፎርጅድ ላሜራ አመጣሁ። ስስ ነበር፣ ከበሩ መስመርም አልገጥም አለ። ሁለት ጊዜ ተሠራ፣ ሁለት ጊዜ ተከፈለ። በድምሩ መኪናውን የገዛሁበትን ሲሶ በላ። ቡናማውን ብገዛ ኖሮ አንዱ አሥረኛ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚህ መኪና ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ከጨርቅ ጣሪያው የሚወርደው ውኃ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባለ ቱቦ ወደ ታች ይወጣል። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውኃው ደፉ ውስጥ ይተኛል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ቀለሙ እንደ አረፋ ካበጠ፣ ውስጡ ከብዙ ጊዜ በፊት ተበልቷል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚሄዱትን የሻንሲ ክንዶች እዩ። ድርብርብ ላሜራ ስለሆኑ እነሱም ከውስጥ ነው የሚበሰብሱት። እዚያ ብየዳ ካስፈለገ እኔ ዋጋ አልከራከርም፣ ትቼ እሄዳለሁ።

ቡናማ ሆድ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የምትለዩት በዚህ ነው፦ የዛገው በቡሎን የታሰረ ነው ወይስ ከአካሉ ጋር የተበየደ? የጎማ ክንዶች፣ አሞርዛተር፣ ጭስ ማውጫ በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ጠንካራ ብረት ከወጣ አትደንግጡ። ወለሉ፣ ደፉ፣ ክሪክ የሚደገፍበት ቦታ፣ አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርበት ቤት ከተበሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ማግኔትም ያዙ። የማይዝበት የብረት አካል ላይ ስቱኮ አለ።

የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ቡሎኖችንም አትርሱ። ከተጣበቁ የሚወጡት ተቆርጠው ነው፣ የሰዓቱም ሒሳብ ይቆጠርባችኋል። እኔ ከዋጋው አስቀንሳለሁ። የዛገ የፍሬን ቱቦ ግን ለክርክር አይቀርብም። ሳይቀየር አይነዳም፤ ከብየዳ ጋር ሲነጻጸር ግን ርካሽ ነው።

ጥቁሩን እንዴት ታውቃላችሁ? ቅቡ ቡሎኑ ላይ፣ የጭስ ማውጫው ላይ፣ ከላስቲክ የተሠሩ ክፍሎችና ሽቦ ላይ ከተረጨ ለሽያጭ ተብሎ የተቀባ ነው። የፋብሪካ ቅብ የሚረጨው እነዚህ ሳይገጠሙ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ወፍራም ቅብ ውኃና ጨው አፍኖ ይይዛል። ከሥሩ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል፣ እናንተ አታዩትም። በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ የኖረ መኪና ከሆነማ ይብሳል።

ጥቁር ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ሻጩ ከመቀባቱ በፊት የተፋቀውን ብረት ፎቶ ካሳየ፣ ደፉ ውስጥም ሰም እንዳስረጨ ደረሰኝ ካለው፣ ጭማሪውን እከፍላለሁ። እንዲህ ያለ ሻጭ ግን እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።

«ፖርሽስ?» የምትሉ አላችሁ። የታወቀው የፖርሽ ሞዴል 911 አካሉ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዚንክ ውስጥ በተነከረ ብረት ይሠራ ነበር። በጣም ይረዳል፣ ግን ተጋጭቶ የተበየደበት ቦታ ላይ ዚንኩ ተቃጥሏል፤ እዚያ እዩ። የአሜሪካው የስፖርት መኪና ኮርቬት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። አካሉ ከ1953 ጀምሮ ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም፣ ገዢም ይዘናጋል። በቆዩት ሞዴሎች ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው። በሦስተኛው ትውልድ (1968–1982) ከኋላ ጎማዎች ፊት ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ ሳታዩ አትፈርሙ።

አደራ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ሊፍት ያለበት ጋራዥ ይሂድ በሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓደኛዬ ይህንኑ ጠየቀ። ሻጩ «ቅቡ ገና አልደረቀም፣ ይጫጫራል» አለው። ጓደኛዬ ነገ ቡናማውን ሊያይ ይሄዳል፤ ማግኔቱን ከእኔ ወስዷል።